ለእንግዳ የሚታይ ሙከራ

እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ ወደ ጎንደር መዛወር። ሹመት አላማረኝም፣ ሽልማትም አላማረኝም። ልጄ ባለችበት ቤት ማደር፣ በቃ፣ ይኸው ነው።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። አስም አለባት፣ የወገራ ብርድ ደረቷን ቀፍድዶ ይይዛታል። አንድ ዓመት እኔ ጋ አምጥቼ ሞክሬ ነበር፤ መጨረሻው ከአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ኮንትራት ይዤ፣ ትንፋሿ እያፏጨ፣ ጎንደር ሆስፒታል ማስገባት ሆነ። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ "እናት፣ ይህችን ልጅ ሁለተኛ ወደዚያ ብርድ እንዳትወስጃት" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ከእናቴ ጋር ጎንደር፣ እኔ እዚህ ደጋ ላይ። አባቷስ? እሱን ተዉት፣ ቀድሞ ነው የተለየን።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። መንገዱ ሰላም ሲሆን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ጎንደር እወርዳለሁ። መንገድ ተዘጋ ሲባል ግን ወሩ አልፎ ሌላው ይተካል፣ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። ሲመጣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጥቼ እደውላለሁ።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪ?"

"ዝውውር ሲወጣልኝ።"

"መቼ ነው የሚወጣልሽ?"

እኔስ መች አወቅሁት። ዝውውር ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ነው፤ ሰዎች ቅጽ ይዘው ክፍል ገብተው፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስታስተምሪ አይተው የሚሰጡሽ። ሁለተኛው የርእሰ መምህሩ መልቀቂያ ነው፤ "ትሂድ" ብሎ የሚፈርመው ወረቀት። አንዱ ከጎደለ ባለሽበት ትቀመጫለሽ። እኔ አራት ዓመት ተቀምጬ ነበር።

የሳይንስ መምህርት ነኝ፣ አምስተኛ ክፍል። ከሁለት ዓመት በፊት ጎንደር ላይ ሥልጠና ወስደን ነበር። አሠልጣኙ ቀልደኛ ሰው ነው፤ "ልጁ ይንካ፣ ይሞክር፣ ይጠይቅ፤ እናንተ ለአንድ ቀን እንኳ አፋችሁን ዝጉ" ብሎን ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን ነገሩ ውስጤ ገባ። ስመለስ ልጆቹን "ከየማሳችሁ አፈር ይዛችሁ ኑ" አልኳቸው። ዋልካው፣ ቀዩ፣ አሸዋማው፣ ሁሉም በፌስታል መጣ። የትኛው ውሃ ይይዛል፣ የትኛው ያሳልፋል እያልን የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እያፈሰስን ለካን። ወይ ጭቅጭቅ! አንዱ "የኛ ማሳ ይበልጣል"፣ ሌላዋ "የናንተማ ውሃውን ይተፋዋል"። ክፍሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። በማግስቱ የአንዱ ልጅ አባት ዱላውን ተደግፎ በር ላይ ቆመና "መምህር፣ የኔ አፈር ስንት አመጣ?" አለኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ በማስተማር ዘመኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ደስታዬን ርእሰ መምህሩ በመስኮት አየው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እኩያዬ ነው፣ ብቻችንን ስንሆን አንተ አንቺ እንባባላለን። ቢሮው ጠራኝና "ይህ ነገር ሸጋ ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን አንድ ምረጪ" አለኝ። "ለእንግዳ" ማለት ከወረዳ ለምልከታ ለሚመጡት ማለቱ ነው። "ጭቃ የሌለው ይሁን፣ በአርባ ደቂቃ የሚያልቅ፣ ዓይን የሚስብ።"

ነጥቤን አሰብኩ። ልጄን አሰብኩ። መረጥኩ።

የመረጥኩት የጧፉን ነው። ቁራጭ ጧፍ በራሱ ሰም ሳህን ላይ ታቆሚያለሽ። ሳህኑ ላይ በቀይ ሥር የቀላ ውሃ ትጨምሪያለሽ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንዲታየው። ጧፉን ትለኩሺና ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ትደፊበታለሽ። እሳቱ ጥቂት ነዶ ይጠፋል፣ ቀዩ ውሃ ሽቅብ ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። ልጆች ይጮኻሉ። ማብራሪያው፣ እኔም ድሮ የተማርኩት፣ "እሳቱ እየነደደ ኦክስጅኑን ስለሚበላው ውሃው እየገባ ቦታውን ይይዛል" የሚል ነው። ሸጋ፣ አጭር፣ ሰሌዳ ላይ በአንድ መስመር የሚያልቅ።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። ልጆቹ አንድ ለአምስት ተቧድነው፣ የትኛው ቡድን መቼ እንደሚደነቅ፣ ማን መቼ "ለምን?" እንደሚል፣ ማን እንደሚመልስ፣ ሁሉንም አስጠናኋቸው። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል። ግማሾቹ የቄስ ትምህርት ያዩ ስለሆኑ አንድ ላይ መመለስ ይችሉበታል፤ "ውሃው መቼ ወጣ?" ስላቸው "እሳቱ እየነደደ!" ብለው ጣሪያውን ያነሡታል።

በአራተኛው ልምምድ ላይ አንዲት ልጅ ቆመች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከገደሉ ሥር ካለው መንደር በየቀኑ ሽቅብ ወጥታ የምትመጣ፣ ድምፅ የሌላት ልጅ። ነገር ስታይ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ነው የምታይ።

"መምህር፣ ውሃው ምነው እሳቱ እያለ አይወጣም?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እሳቱ አየሩን የሚበላው ሲነድ አይደል? ሲነድ ግን ውሃው ዝም ብሏል። የሚወጣው ከጠፋ በኋላ ነው። ደግሞ ሲነድ በጠርሙሱ አፍ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፤ የሚወጣ ነገር አለ።"

"ቁጭ በይ! ጊዜ የለንም!" አልኳት። ልጁ ይጠይቅ ብዬ ሠልጥኜ የመጣሁት ሴትዮ፣ እኔው ራሴ።

ቁጭ አለች። ነገሩ ግን እኔን አላስቀምጥ አለኝ። ልጆቹ ሲሄዱ በሩን ዘግቼ፣ እንደሷ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ፣ ጧፉን ለኮስኩ። ጠርሙሱን ደፋሁ። ነደደ፤ ውሃው ዝም። ቡልቅ፣ ቡልቅ። ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቀዩ ውሃ ሽው ብሎ ወጣ። ደገምኩት። ሰለስኩት። ጧፉ እስኪያልቅ ሞከርኩት። አበስኩ ገበርኩ! ስንት ዓመት ሳስተምረው አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ማለት ነው። እኔ ጠርሙሱን ሳይሆን የልጆቹን አፍ ነበር የማየው።

ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ለሚያስተምር የሰፈራችን ልጅ ደወልኩ። ከት ብሎ ሳቀ። "ተማሪሽ ልክ ናት፤ ስንዋሽ የኖርን እኔና አንቺ ነን" አለኝ። እሳቱ አየሩን ሲያሞቀው አየሩ ይነፋና ከፊሉ በጠርሙሱ አፍ ያመልጣል፤ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ይቀዘቅዝና ይሰበሰባል፣ ያን ጊዜ የውጭው አየር ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። ኦክስጅኑም ቢሆን ተበልቶ አያልቅም። "ያችን ልጅ ለኛ አሳድጊልን" ብሎ ዘጋው።

እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ቀርቷቸዋል። የትምህርት ዕቅዴ ማኅተም ተመትቶበት ወረዳ ገብቷል። በምልከታ ቅጹ ላይ "መደምደሚያው ከዕቅዱ ጋር ይስማማል" የሚል ሣጥን አለ። ለርእሰ መምህሩ ነገሩን ላስረዳው ብሞክር "ዕቅድ አሁን ነው የሚቀየረው? ነጥብሽን አትፈልጊውም?" አለኝ። እፈልገዋለሁ። አፌን ዘጋሁ።

ልጅቷን በረፍት ሰዓት ከክፍል ጀርባ ጠራኋት። ቀጥዬ ያደረግኩትን ነው እስከ ዛሬ ይቅር ማለት ያቃተኝ። አልዋሸኋትም፣ አልተቆጣኋትም፤ አባበልኳት። "ጥያቄሽ ልክ ነው፣ ለሌላ ቀን እናቆየው። ልጅ አለችኝ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጎንደር ናት፣ ያማታል። ይህ ትምህርት ሸጋ ሆኖ ካለቀ ወደሷ እሄዳለሁ" አልኳት። ዓይኔም እንባ አቀረረ፣ እውነት ነበርና። ልጅቷ መሬት መሬቱን እያየች "እሺ መምህር" አለች።

እንግዶቹ መጡ፣ ሦስት ሆነው። ከልጆቹ ጋር አንድ ምልክት ነበረን፤ የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን ያወጣል፣ ክፍሉ ሁሉ እጅ በእጅ ይሆናል፣ እኔ ቀኝ እጅ ብቻ እጠራለሁ። ውሃው ወጣ፣ ልጆቹ በየተራቸው ተደነቁ። ታዲያ ከእንግዶቹ አንዱ ድንገት "እስቲ ያችን ልጅ" ብሎ በጣቱ ወደሷ አመለከተ። ግራ እጇን ነበር ያወጣችው። ተነሣች፣ እጇን አጣምራ፣ በዚያ ድምፅ በሌለው ድምፅዋ "እሳቱ እየነደደ ኦክስጅኑን ስለሚበላው ውሃው እየገባ ቦታውን ይይዛል" አለች። አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ!

ነጥቤ ከፍ አለ። የዝውውር ስሞች ሲለጠፉ ወረዳ ድረስ በእግሬ ሄጄ ስሜን በጣቴ ነካሁት። ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ለልጄ ነገርኳት። ጮኸች፣ ሳል አቋረጣት፣ እንደገና ጮኸች። በሦስተኛው ቀን እናቴ ደውላ "ከግድግዳው ጥግ ነው የምትተኛው፤ የአልጋው ግማሽ የእማዬ ነው ብላ እኔን እንኳ አላስቀምጥ አለችኝ" አለችኝና ሳቀች።

መልቀቂያዬን ልጠይቅ ቢሮ ገባሁ።

"ምን መልቀቂያ?" አለኝ ርእሰ መምህሩ።

"ስሜ ወጥቷል እኮ።"

"አየሁት፣ እንኳን ደስ አለሽ። ግን አንቺን እንዴት ብዬ ልልቀቅሽ? ሞዴል መምህርት ተብለሻል። የትምህርት ቤቱ ስም በአንቺ ነው የተነሣው። በዙሪያችን ካሉ ትምህርት ቤቶች መምህራን መጥተው ካንቺ እንዲማሩ ተወስኗል።"

"ሞዴል ያሰኘኝን ሥራ ልሂድበት ብዬ እኮ ነው የለፋሁት!"

"ተተኪ ሲገኝ ትሄጃለሽ።"

"መቼ ነው የሚገኘው?"

ትከሻውን ሰበቀ። ደሜ ፈላ። "ሰነፍ ብሆን ነጥብ አጥቼ እቀራለሁ፣ ጎበዝ ብሆን ደግሞ አልለቅሽም ትለኛለህ፤ ታዲያ ሰው በየት በኩል ነው ከዚህ የሚወጣ?" ብዬ ጮኽኩበት። "አትጩኺ፣ ተማሪ ይሰማል" አለኝ፣ በትሕትና። ትሕትናው ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ቢሳደብ ምናለ!

ለልጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወልኩላትም። ኔትወርክ ነበረ። ድፍረቱ ነው ያልነበረኝ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ነጥቤ ተሰጥቷል፣ ማንም አይወስድብኝም። የሚይዘኝ ሞዴልነቴ ብቻ ነው። እንግዲያው መምህራኑ በሚመጡበት ቀን ሙከራው ቢበላሽስ? በሰው ፊት ልጅቷ ያንን ጥያቄ ብታነሣና ዕቅዴ ቢፈርስ፣ ማን "እሷን አልለቅም" ይላል? እርግጥ ለልጅቷም ጥያቄዋን መመለሴ ነው፤ ግን ራሴን ቅዱስ አላደርግም፣ መጀመሪያ ያሰብኩት መውጫዬን ነው።

ጠዋት በር ላይ አገኘኋት። "ዛሬ ያንን ጥያቄሽን ጠይቂ። አትፍሪ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። አየችኝ። "በሰው ፊት?" "በሰው ፊት።" "እሺ መምህር" አለች። ሙከራው ቢበላሽ ነው የምሄደው ብዬ ግን አልነገርኳትም። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን ጠማማ ነገር በየት በኩል ይነግሯታል?

አርባ የሚሆኑ መምህራን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ርእሰ መምህሩ ክራቫት አስሯል። ጧፉን ለኮስኩ፣ ጠርሙሱን ደፋሁ። ነደደ። ውሃው ዝም። ቡልቅ፣ ቡልቅ። ጠፋ። ውሃው ወጣ፣ በአርባ መምህርና በስድሳ ልጅ ዓይን ፊት፣ ከጠፋ በኋላ።

ልጅቷን አየኋት። ዝም ብላለች። ጠበቅኩ። እኔ ራሴ ልከፍትላት ብዬ፣ ከተጠናው ወጥቼ፣ "ልጆች፣ በደንብ አይታችኋል፤ የለመዳችሁትን ሳይሆን ያያችሁትን ንገሩኝ። ውሃው መቼ ወጣ?" አልኩ።

"እሳቱ እየነደደ!" አሉ ሁሉም፣ በአንድ አፍ።

እንደገና ለኮስኩ፣ እንደገና ደፋሁ። "እዩ እንጂ! እዩት!" አልኩ። እሳቱ ጠፋ፣ ውሃው ወጣ። "አሁንስ?"

"እሳቱ እየነደደ!" ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ነበር እኮ። እያዩት ነበር።

በስሟ ጠራኋት። ተነሣች። ጠርሙሱን አየች፣ ክራቫት ያሰረውን አየች፣ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ። "እሳቱ እየነደደ ነው መምህር" አለች። መምህራኑ ወደ ማስታወሻቸው ጎንበስ ብለው ጻፉ። አንዲቱ ባልደረባዋን በክርኗ ነካ አድርጋ "ልጆቹ ብታስደጋግማቸውም አይናወጡም፣ አየሽ?" ስትል ሰማኋት።

ርእሰ መምህሩ በጭብጨባው መሀል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ለሚመጣው ዓመት ሌሎቹም ጠይቀውናል፤ አንቺማ የትም አትሄጂም" አለኝ፣ እንደ ምርቃት አድርጎ።

ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ልጅቷ አልሄደችም። ሳህኑንና ጠርሙሱን ልታነሣ መጣች።

"ምነው ሳትጠይቂ ቀረሽ?" አልኳት። ቁጣ አልነበረኝም፣ አቅሙም አልነበረኝም።

"ልጠይቅ ነበር" አለች። "ልጆቹንም ሌላ እንዳይሉ በረፍት የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ያ ቀን ሸጋ ሆኖ ሳለ አልለቀቁዎትም ሲባል ሰማሁ። ዛሬ ከዚያም ይበልጥ ሸጋ ይሁን አልኩ፣ ልጅዎ ዘንድ እንዲሄዱ።"

"ሸጋ አድርገሻል" አልኳት። ፊቷ በራ፣ ሳህኑን ይዛ ልታጥብ ወጣች።